ሐይቅን እንሳብ ብዬ ጻፍኩ፤ 31 መልስ መጣ

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈትኩት በሚያዝያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። መጀመሪያ ቧንቧው ያፏጫል። አየር ነው። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል። ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ጄሪካን የሚደቀነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ፉጨቱ ሲረዝምብኝ ባትሪ ይዤ ወጣሁና ቆጣሪውን አየሁት። በአየር ብቻ እየዞረ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱም ጠፋ። ውሃው አልመጣም። እናቴ ስድስቱን ባዶ ጄሪካን ወደ ጥጋቸው መልሳ ተኛች። እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን አንስቼ ጻፍኩ።

የጻፍኩት አጭር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደሴ ከተማ 120,095፣ ኮምቦልቻ ከተማ 58,667 ሰው ነበራቸው። ዛሬ ከዚያ በብዙ አልፈዋል። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቷል። በአገሪቱ መለኪያ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ማድረስ ይጠበቅበታል። የድሮውን ቆጠራ ብቻ ብንይዝ እንኳ ለደሴ በቀን 9,600 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ታዲያ ከየት ይምጣ? ብዬ ጠየቅሁ። የራሴንም ሐሳብ አስቀመጥኩ። ወደ ወልዲያ ስንሄድ በ30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያን የሚያህል ሐይቅ፣ ስሙም ሐይቅ የሚባል፣ ተኝቶ ሳለ ለምን እንጠማለን? ሐይቅን እንሳብ አልኩ።

መልስ 1 ሲነጋ መጣ። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ነው። በሰላምታ ጀምሮ ሐሳቤን ደገፈ። ሰፈሩ በቧንቧ ውሃ ስም እየተጠራ ልጆቹ ጄሪካን ተሸክመው ሲያድጉ ማየት ልቡን እንደሚያመው ጻፈ።

መልስ 2 አረመኝ። በትሕትና ነው ያረመኝ፣ ግን አልማረኝም። ሐይቅ ከደሴ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ዘንግቻለሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 400 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ምንም ሳይባክን 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ፓምፑና መስመሩ የሚበሉት ሲጨመር ወደ 1.5 ይደርሳል። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ልሳብ ያለ ሰው በየቀኑ 15,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፍላል ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ውሃውም ይጠፋል። ሰውዬው በመጨረሻ የጻፈው ነገር በአእምሮዬ ቀረ። ካርታ ላይ ርቀት ስንለካ ቁመቱን እንረሳለን፣ ውሃ የሚከብደው ደግሞ በቁመት ነው አለ።

መልስ 3 የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ትንሽ ሞቅ አለ። ከሐይቁ ማን እንደሚኖር ጠየቅን ወይ? ዓሣ አስጋሪው አለ። በዳርቻው አትክልት የሚያለማው አለ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባ። የሐይቁ ስፋት ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ብትወስድ በዓመት 3.65 ሚሊዮን ይሆናል። ያንን በስፋቱ ብታካፍለው፣ ካልተተካ በየዓመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በ10 ዓመት ከሰው ወገብ ያልፋል። በዚያ ላይ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው የሚወጣው በትነት ነው፣ ጨውና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ውሃው በቀነሰ መጠን የቀረው እየከበደ ይሄዳል።

መልስ 4 ከእኔ ጎን ቆመ። ሐይቁ ባዶ ገንዳ አይደለም፣ ዝናብ ይተካዋል፣ ከበላዩ ያለው አርዲቦ ሐይቅም ሲሞላ ወደ እሱ ይፈስሳል አለ። እውነቱን ነው። ግን መልስ 5 ተከትሎ መጣና ክሩን ሁሉ ዝም አሰኘው። በወጣትነቱ ሐሮማያ ተምሯል። ያኔ የሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነበር። የሐረር ከተማ ከዚያ ይጠጣ ነበር። ገበሬው ለጫትና ለአትክልት ይስብ ነበር። ደለሉም ከተራራው ይወርድ ነበር። እያንዳንዱ የሚወስደው ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ድምሩን የያዘ ሰው ግን አልነበረም። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ሰውዬው ተመልሶ ሲሄድ ጀልባ በነበረበት ላይ ከብት ሲግጥ አየ። ሐረር ከዚያ ወዲህ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት። አሁን አሁን ውሃው ወደ ሐሮማያ እየተመለሰ ነው ቢባልም፣ ከተማ በዚያ ተስፋ አይተኛም።

እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት እዚህ ጋ ነው። በክሩ ላይም ጻፍኩት። ሐይቅ ለሐይቅ ከተማና ለአካባቢው ቢተው ይሻላል። ለእኛ ሌላ እንፈልግ።

መልስ 6 ወደ ገራዶ ወሰደን። ጦሳ ተራራ ጀርባ ያለው ሜዳ። ከርሰ ምድሩ ውሃ እንዳለው በደንብ ተጠንቷል አለ። አንድ ነገርም አስተማረኝ፣ እዚሁ ተወልጄ ሳላውቀው የኖርኩት። ደሴ የቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነች። ከጦሳ ወደ ምሥራቅ የወረደ ዝናብ ቦርከና ይገባል፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ አልፎ አዋሽ ይቀላቀላል፣ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። ወደ ምዕራብ የወረደው ግን ገራዶን ይዞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ ደመና፣ ሁለት ተፋሰስ። ደሴ ከገራዶ ስባ ስትጠጣ፣ የዓባይን ውሃ ወደ አዋሽ እያሻገረች ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ማወቅ አለብን አለ።

መልስ 7 የክሩ ረጅሙ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው የጻፈው፤ ብዙዎቻችን ጋሼ ብለን ነው የመለስንለት። የኛ አካባቢ ዓለት ባዛልት ነው አለ። ውሃው ዓለቱ ውስጥ እንደ ባሕር ተኝቶ አይጠብቅም፣ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። ስንጥቁን ያገኘ ይጠጣል። በመቶ ሜትር ርቀት ላይ የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ሲያጎርፍ ሌላው አቧራ ሲያወጣ አይቷል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ጉድጓድ ወጣ ተብሎ በዚያው ልክ ለከተማ ማባዛት አይቻልም።

ከዚያ ሙከራውን አስረዳ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ከጸዳ በኋላ ፓምፕ ይገባና 72 ሰዓት ሳያቋርጥ ይሳባል። አንድ ሰው ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ሽቦ ይዞ አፉ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ከዚያ እያራቀ፣ ውሃው ስንት ሜትር እንደወረደ ይጽፋል። ፓምፑ ሲጠፋም አይነሳም። ውሃው ወደ ቦታው ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጽፋል። ጋሼ በብርድ ሌሊት ጋቢ ተከናንቦ ያንን ጢጥታ ሲያዳምጥ ማደሩን ሲጽፍ፣ የእኔ የሌሊት 9 ሰዓት ፉጨት ትዝ አለኝ። ሁለታችንም ውሃ በጆሯችን ስንጠብቅ ነው ያደርነው።

ስህተቱ የት ነው? ሙከራው በጥቅምት ይደረጋል አለ። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠግቦ። ከዚያ ከተማው በግንቦት ይጠማና ሁሉም ይገረማል። ሒሳቡንም አስቀመጠ። በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ ጎበዝ ጉድጓድ ነው። በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 576 ሜትር ኩብ ይሰጣል። በ80 ሊትር ሒሳብ 7,200 ሰው ነው። እኔ ላነሳሁት 9,600 ሜትር ኩብ እንግዲህ 17 ጎበዝ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ሁሉም ጎን ለጎን ከተቆፈሩ ደግሞ አንዱ የሌላውን ውሃ ይስባል። ከላያቸው ላይ ቤትና መጸዳጃ ጉድጓድ ከተሠራ ተበላሹ ማለት ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ቦታ ከመቆፈሩ በፊት ነው የሚከለለው፣ ሰው ከሰፈረበት በኋላ አይደለም አለ። ከተማው ወደ ገራዶ፣ ወደ ጢጣ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ እየሰፋ ባለበት ሰዓት ይህ ቀልድ አይደለም።

8 ጥያቄ ነው፣ ጋሼ መልሶታል። ከ9 እስከ 11 ምስጋናና አሜን።

መልስ 12 ከሸዋ በር፣ አንዲት እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ሜትር ኩቡን እንደማያውቁት፣ የሚያውቁት ጄሪካኑን እንደሆነ ጻፉ። አንዱን ባለ 20 ሊትር ለቡና፣ ለመጠጥና ለሊጥ ለብቻ ያስቀምጡታል፤ ማንም አይነካውም። በሁለተኛው ልብስ ይታጠባል። ያው የልብሱ ውሃ ወለል ይወለወልበታል። ወለሉን የጨረሰው መጸዳጃ ቤት ይገባል። አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ፈረቃው ሲዘል ከጋሪ ይገዛሉ፣ የጋሪው ውሃ ከየት እንደተቀዳ ግን ማንም አይነግራቸውም። እናንተ የተማራችሁት ስትከራከሩ፣ ሮቶ መግዛት የማይችለውን ቤት ከምን ትቆጥሩታላችሁ ሲሉ ጠየቁ። እትዬ፣ ጥያቄዎን ይዤዋለሁ ብዬ መለስኩላቸው። እስካሁንም ይዤዋለሁ። ሮቶ ያለው ሰው በአንድ ፈረቃ 2,000 ሊትር ያጠራቅማል። እሳቸው በጄሪካናቸው ልክ ነው የሚደርሳቸው። ምንጩ የፈለገ ቢበዛ ይህ ልዩነት በራሱ አይጠፋም።

መልስ 13 ለእትዬ የጣሪያ ውሃ መከረ። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ከባከነው የተረፈው 40,000 ሊትር። ለአራት ሰው ቤት ለ125 ቀን የሚሆን ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከመራል። አንድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ከዚያ ጣሪያ ወደ 1,000 ሊትር ያወርዳል። ሁለት ቀን ከዘነበ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል፣ በግንቦት ግን ባዶ ነው። ለበልግና ለክረምት ግን እገዛ ነው፤ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ አፍስሶ የቀረውን ለልብስና ለመጸዳጃ ማዋል ይቻላል።

ከዚያ ክሩ ቡና ላይ ወደቀ። ወሎ ነው፣ ምን ይደረጋል። 14 የምንጭ ውሃ ቡና ከቧንቧ ውሃ ቡና ይለያል አለ። 15 ክሎሪኑ ነው፣ ውሃውን ቀድተህ ክፍት አድርገህ አሳድረው፣ ሽታው ይቀንሳል አለ። 16 ከኮምቦልቻ ነው። እሱ ቤት ያለው የጉድጓድ ውሃ ጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ፣ ባቄላም ቀኑን ሙሉ ቢጣድ አልበስል እንደሚል ነገረን። 17 ኬሚስትሪ የምታስተምር ናት፤ ወደ ቁም ነገሩ መለሰችን። ያ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፣ ውሃው ዓለት ውስጥ ሲቆይ ያነሳዋል። ጤና አይጎዳም፣ ማገዶና ሳሙና ግን ይፈጃል። ስለዚህ ምንጭ ሲመረጥ መጠኑ ብቻ አይበቃም፣ ላቦራቶሪው ይጠየቅ አለች። ፍሎራይድ ከ1.5፣ ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ማለፍ የለበትም፤ ሁለቱም በዓይን አይታዩም፣ በምላስም አይታወቁም። 18 አሁንም ስለ ቡና ነው።

ጠቡ የተነሳው በ19 ነው። ሐሳቡ ሲሰማ ያምራል። ቦርከና ከደሴ ወጥቶ ዶሮ መዝለያ ላይ ገደል ለገደል ይጠባል። እዚያ ግድብ ይሠራ፣ የክረምቱን ውሃ ይያዝ፣ ለኮምቦልቻ በራሱ ቁልቁለት ይውረድ፣ ፓምፕም አያስፈልገው። ወረቀት ላይ ብታየው ትወደዋለህ።

መልስ 20 ከኮምቦልቻ፣ በቁጣ ተጻፈ። የቆመበትን ቦታ ገለጸልን። ከዶሮ መዝለያ በታች፣ በበጋ፣ ጠዋት። የወንዙ ዳር በፌስታል ተሸፍኗል። ውሃው ግራጫ ሆኖ በቀጭኑ ይሄዳል፣ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። ደሴ ፍሳሽ የሚሰበስብ መስመር ሳይኖራት መጸዳጃዋንና ቆሻሻዋን በየቦዩ ወደ ቦርከና ትልካለች፣ እናንተ ደግሞ ያንን አጠራቅማችሁ ልታጠጡን ነው ወይ ብሎ ጻፈ። ግድብ ውስጥ የተኛ እንዲህ ያለ ውሃ አረንጓዴ እንደሚያበቅልና ለማጣራትም ገንዘብ እንደሚበላ ጨመረ። ስለ ደለሉም ልክ ነበር። የጎንደሩ አንገረብ ግድብ በደለል ምን እንደደረሰበት ሁላችንም ሰምተናል፣ የኛ ተራራ ደግሞ ከዚያ የባሰ የሚንሸራተት ነው።

መልስ 21 ከደሴ ነው፣ አልተኛም። ፋብሪካዎቹስ? አለ። ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች ከፋብሪካዎቹ የወጣ ፍሳሽ ይዘው ቦርከና ይገባሉ፤ የራሳችሁን ሳታዩ የኛን ትቆጥራላችሁ አለ። 22 ስድብ ነበር። ሁለቱንም ወገን ወንድሞቼ እያልኩ ለመንኩ፣ የክሩ ኃላፊም አነሳው። 23 ጠቡን ትቶ ነገሩን ያዘ፤ የጻፈው ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። የሰው ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ አንድ አይደሉም አለ። ጀርሙን ማፍላት ይገድለዋል። ቆዳ ሲለፋ የሚወጣውን ክሮሚየም ግን ብታፈላው ውሃው ይተንና እሱ ይብሳል። ወንዙ ዳር ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድም ከወንዙ ይጠጣል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ጉድጓድ ከቦርከና ጋር ጠብ የለኝም ሊል አይችልም።

መልስ 24 አምስት መስመር ብቻ ነበር። ከከሚሴ በኩል ነው የመጣው። እስከ አሁን ደሴን አነበብኩ፣ ኮምቦልቻን አነበብኩ፣ እኛን ግን የጠቀሰ የለም አለ። ከኮምቦልቻ በታች ጨፋ አለ። ረግረግ ነው። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የኦሮሞም የአፋርም ከብት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። የእናንተ ወንዝ እኛ ጋ ሲደርስ ከብት ይጠጣዋል፣ ልጅ ይዋኝበታል፣ ሽንኩርት ይጠጣዋል። እናንተ የምትጣሉበት ነገር እኛ የምንጠጣው ነው አለና ወጣ።

ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። እኔም የምለው አጣሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ስጽፍ ከደሴ በታች ያለውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ውሃ ከየት ይምጣ አልኩ እንጂ ወዴት ይሂድ አላልኩም። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ከተማ ሆነው በጀት ሊይዙ ይችላሉ። ሸለቆው ግን አንድ ነው። ደሴ ለራሷ ያመጣችው እያንዳንዱ ጄሪካን ቆሽሾ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አዲስ ምንጭ ሲታሰብ የፍሳሽ ማጣሪያው በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው በጀት ካልታሰበ፣ ለታች ያለው ሰው የሚደርሰው የኛ እዳ ነው። ይህን 25 አድርጌ ጻፍኩት። ከጻፍኩት ሁሉ የምቆምለት እሱ ነው።

መልስ 26 ቧንቧ ጠጋኝ ነው፤ ከሁላችንም ይልቅ አሳመነኝ። እናንተ ምንጭ ፍለጋ ሐይቅና ገራዶ ትሄዳላችሁ፣ እኔ በየቀኑ እየረገጥኩት እሄዳለሁ አለ። የ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። የእስክሪብቶ ውፍረት እንኳ አይሞላም። በ40 ሜትር ግፊት፣ ማለትም ውሃው ከ40 ሜትር ከፍታ ሲጫን፣ ከዚያ ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 20 ሊትር ይወጣል። በየደቂቃው አንድ ቢጫ ጄሪካን። በቀን 28,800 ሊትር። በ80 ሊትር ሒሳብ የ360 ሰው ውሃ ነው። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነች። የከተማው ማጠራቀሚያ ጋን ጉብታ ላይ ነው፣ ታች ያለው ሰፈር 40 ሜትር ግፊት ምኑ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይጨምርና ያረጀው ቱቦ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። መሐል ላይ ግፊት የሚያሳርፍ ጋን ወይም ቫልቭ ካልገባ፣ አዲስ ውሃ ማምጣት የተቀደደ ከረጢት መሙላት ነው።

ቡናማውንም ውሃ ያስረዳኝ እሱ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ቱቦ ባዶ ሲሆን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ቦይ ውስጥ ከሆነ የቦዩን ውሃ ይጠጣል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። እኛ ቤት ቡናማው እስኪያልፍ መጠበቃችን ልክ ነበር ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ማፍላት።

27 ሞገተው። የሚባክነውን ለማወቅ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ከጋኑ የሚወጣው ይለካል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ሌሊት ማን ይተኛል? ሁሉም ሮቶ እየሞላ ነው። ልክ ነው። ጠጋኙ ሲመልስ አንድ ሰፈርን ለጥቂት ቀን ሳይቋረጥ ሰጥቶ፣ ሮቶው ሁሉ ከሞላ በኋላ መለካት ይቻላል አለ። ሰፈር በሰፈር። ከተማውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን።

መልስ 28ን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ቆየሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ፣ መብራት በጠፋበት ወቅት፣ ጥልቁ ጉድጓድ ሁሉ ዝም ሲል፣ ሰፈራቸውን ያቆየው ከተራራው ሥር የሚወጣ ትንሽ ምንጭ ነበር። ያንን ምንጭ ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ አስያዙ። ለአንድ ቤት ሁለት ጄሪካን፣ አራስ ላለችበት ሦስት። ምንጩ መብራትም ናፍጣም አይጠይቅም። ቁልቁል ነው የሚወርደው። ከተማው ምንም ያህል ትልቅ ምንጭ ቢያገኝ እነዚህ ትንንሾቹ ይታጠሩ፣ ይጠረጉ፣ ከበላያቸው መጸዳጃ አይቆፈር ብላ ለመነች። ሴት ልጅ ናት። የሦስቱን ጄሪካን ታውቀዋለች፣ ያኔ አራስ ነበረች።

29 ጦሳ ላይ ስላለው ባሕር ዛፍ ጀመረ፤ ውሃ ይመጥጣል የሚለው ክርክር ለብቻው ክር ይፈልጋል፣ አለፍነው።

መልስ 30 ያ የኮምቦልቻው፣ የ20ው ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም፣ የተቆጣበት ነገር እውነት ነው። አንድ ሐሳብ ግን አመጣ። ጋሼ በጥቅምት የተለካ ውሃ ያታልላል ብሏል። እንግዲያው በግንቦት እንለካ። ቦርከናን በአንድ ቀን፣ ደሴ መውጫ ላይ፣ ዶሮ መዝለያ፣ ኮምቦልቻ መውጫ። የከሚሴው ወንድማችንም ጨፋ መግቢያ ላይ ይቁም። ትንንሾቹን ምንጮች በጄሪካንና በስልክ ሰዓት። ወንዙን ደግሞ በብርቱካን። ብርቱካን ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ አይገፋውም። 10 ሜትር ትለካለህ፣ ትጥለዋለህ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ትጽፋለህ። ከዚያ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት። የላዩ ውሃ ከሥሩ ይፈጥናልና ከውጤቱ ትንሽ ይቀነሳል። ጠርሙስ ውሃም ከየቦታው ይያዝና መምህሯ ጋ ይሂድ።

መምህሯ እሺ ብላለች። ጠጋኙ ከደሴ፣ ጋሼ ከገራዶ በኩል እንደሚመጡ ጻፉ። ከሚሴ እስካሁን አልመለሰም፣ በውስጥ መልእክት ልኬለታለሁ። 31 የኔ ነው። ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ጄሪካን ሁሉም የራሱን ይዞ ይምጣ። ብርቱካኑን እኔ እገዛለሁ።